ለሉፐስ ምርምር ልትረዱ አስባችኋል? መንገዶቹን እናወዳድር

ሜይ ሲገባ ሐምራዊ ቲሸርት ይበዛል። ሜይ 10፣ በእኛ ግንቦት 2፣ የዓለም የሉፐስ ቀን ነው። በዚያ ሰሞን በየዋትሳፑና በየቫይበሩ ግሩፕ «ለሉፐስ እናዋጣ» የሚል መልእክት ይዞራል። ሃምሳ ዶላር መላክ ደቂቃ አይፈጅም። ያ ሃምሳ ዶላር ላብራቶሪ ይግባ፣ ብሮሹር ይታተምበት ወይስ ለኮንግረስ ጉትጎታ ይዋል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሦስቱም ጥቅም አላቸው። ግን አንድ አይደሉም።

በብዛት የማወራው ስለ አሜሪካ ነው። ብዙ የሉፐስ ምርምር ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው እዚያ ነው፣ በሽታው ያለባቸው ብዙ የእኛ ሰዎችም እዚያ አሉ። ለንደን፣ እስራኤልና ገልፍ ላላችሁ ታች ላይ አንድ ሁለት ነገር አለኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡ የጎደለው የት ላይ ነው?

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ኃይል ዞሮ የራሱን አካል ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ላይ የሚጀምረው ከ15 እስከ 44 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አንዷን መገጣጠሚያዋን ያሰቃያታል፣ ሌላዋን ፊቷ ላይ ሽፍታ ያወጣባታል፣ ሦስተኛዋን ኩላሊቷን ይይዛታል። ደግሞ ይነሳል፣ ይተኛል።

ብዙ ታማሚ የሚያውቃት ክኒን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወይም በገበያ ስሟ ፕላኩኒል፣ በአሜሪካ የተፈቀደችው በ1955 ነው። ከዚያ በኋላ ለሉፐስ ተብሎ አዲስ መድኃኒት የተፈቀደው በ2011 ነው፤ ቤንሊስታ። በመካከሉ ሃምሳ ስድስት ዓመት አለ። በ2021 ሁለት ተጨመሩ። በጃንዋሪ ሉፕኪኒስ ለኩላሊት ሉፐስ፣ በጁላይ መጨረሻ ደግሞ ሳፍኔሎ።

ይህ ሁሉ መዘግየት የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። የሳፍኔሎን ታሪክ እዩ። ሁለት ትልልቅ የመጨረሻ ደረጃ ሙከራዎች ተደረጉለት። የመጀመሪያው ግቡን አልመታም። ሁለተኛው በሌላ መለኪያ ተመዝኖ አለፈ። መድኃኒቱ ያው ነው። ሕመሙ ከሰው ሰው ስለሚለያይ «ተሻላት» ማለት ምን እንደሆነ መለካቱ ራሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ሉፐስ የጎደለው አዲስ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ ማን የትኛው ዓይነት እንዳለባት የሚለይ ሥራም ጎድሎታል። አማራጮቹን ስታወዳድሩ ይህን ያዙልኝ።

አንደኛው መንገድ፦ ለምርምር ብቻ የቆመ ድርጅት

ሉፐስ ሪሰርች አሊያንስ ኒውዮርክ ነው ያለው። በ2016 ሦስት ድርጅቶች ተዋህደው የተመሠረተ ነው። ትልቁ መለያው የአስተዳደርና የገንዘብ ማሰባሰቢያ ወጪውን የቦርዱ አባላት ከኪሳቸው መሸፈናቸው ነው። ስለዚህ እናንተ የሰጣችሁት ሙሉው ለምርምር ፕሮግራሙ ይሄዳል።

ገንዘቡ የሚሄደው በአብዛኛው ገና ጥሬ ለሆነ ሐሳብ ነው። ኢኖቬሽን አዋርድ የሚሉት አንዱ ስጦታቸው ለአንድ ተመራማሪ በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ 300 ሺህ ዶላር ይሰጣል። ለላብራቶሪ ይህ ትልቅ ብር አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ «መጀመሪያ ላይ የሚያሳይ ነገር አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ተመራማሪው ያንን የመጀመሪያ ማስረጃ የሚያገኘው ከእንዲህ ዓይነት አነስተኛ ስጦታ ነው። ከዚያ ይዞ ሄዶ ትልቁን የመንግሥት ገንዘብ ይጠይቃል።

ጉዳቱስ? ብዙዎቹ ሐሳቦች አይሳኩም። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው፤ ሁሉም ቢሳካ ኖሮ ቀድሞውኑ የሚታወቅ ነገር ነበር ማለት ነው። ግን «በእኔ ገንዘብ ምን ተገኘ?» ብላችሁ በዓመቱ ለምትጠይቁ ሰዎች ይህ መንገድ ያበሳጫል። ትዕግስት ከሌላችሁ አይስማማችሁም።

ሁለተኛው መንገድ፦ ሁሉንም የሚሠራ ድርጅት

ሉፐስ ፋውንዴሽን ኦፍ አሜሪካ በ1977 ተመሠረተ፤ ዋና ቢሮው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ምርምር ይደግፋል፣ ለታማሚዎች ትምህርትና ምክር ይሰጣል፣ ኮንግረስንም ይጎተጉታል። በየከተማው የምታዩት የሉፐስ የእግር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ ነው። ሉፐስ ሪሰርች አሊያንስም የራሱ ጉዞ ስላለው ቲሸርቱን ብቻ አይታችሁ አትለዩ፤ የድርጅቱን ስም አንብቡ።

እዚህ የሰጣችሁት ዶላር ተከፋፍሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። እኔ አላጨማድድም። ትናንት «ሉፐስ አለብሽ» የተባለች ልጅ ስልክ ደውላ የሚያናግራት ሰው ማግኘቷ ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄው እናንተ የፈለጋችሁት ያንን ነው ወይስ ምርምር የሚለው ነው። ምርምር ብቻ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ስጦታችሁ ለምርምር ብቻ እንዲውል በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ድርጅቱ ከተቀበለ እንደተባለው የማዋል ግዴታ አለበት።

የዚህ መንገድ ትልቁ አቅም ግን ብዙ ሰው የማያየው ነው። በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የሕክምና ምርምር ፕሮግራም ውስጥ ለሉፐስ ብቻ የተለየ በጀት በ2017 ሲጀመር 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2020 ወደ 10 ሚሊዮን አደገ። ያ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም። ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው በየኮንግረሱ ቢሮ እየዞሩ ስለጠየቁ ነው። እንዲህ ያለ በጀት በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጠየቃል፣ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። ስለዚህ ጉትጎታው አያልቅም።

ለመጎትጎት ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም። ለወረዳችሁ የኮንግረስ አባል ቢሮ መደወል ወይም መጻፍ ነጻ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ አበሾች ከካፒቶል ሂል የራቃችሁት በትራፊክ ብቻ ነው። የሠለጠኑ ታማሚዎችም የምርምር ጥያቄዎችን ከሳይንቲስቶቹ ጋር አብረው የሚገመግሙበት ወንበር በዚያው የመከላከያ ፕሮግራም ውስጥ አለ። ሳይንቲስት መሆን አይጠበቅባችሁም። በሽታውን ከውስጥ የምታውቁ መሆናችሁ ነው የሚፈለገው።

ሦስተኛው መንገድ፦ በቀጥታ ለአንድ ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ

ዘፋኟ ሴሌና ጎሜዝ ሉፐስ እንዳለባት በ2015 ተናገረች፣ በ2017 ኩላሊት ተተከለላት። በሎስ አንጀለስ በዩኤስሲ የሕክምና ትምህርት ቤት በስሟ የሉፐስ ምርምር ፈንድ አለ። ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ ባልቲሞር ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ የሉፐስ ማዕከል ነው። ዶክተር ሚሼል ፔትሪ በ1987 የጀመሩት የታማሚዎች ክትትል እስካሁን ቀጥሏል። ያው ታማሚ እየተመላለሰች ደሟን ትሰጣለች፣ ሕመሟ ይመዘገባል፣ መድኃኒቷ ይጻፋል። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ግን የትኛው መድኃኒት የትኛውን ጉዳት እንደሚያመጣ፣ የማን ኩላሊት አደጋ ላይ እንዳለ በአብዛኛው የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት ክትትል ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከፍ ያለ ገንዘብ ያለው ሰው ወይም ማኅበር ቢኖር እዚህ ላይ ቢያተኩር ደስ ይለኛል። ለጋሽ ሁሉ አዲስ ግኝት ይፈልጋል። ፍሪዘር ውስጥ ደም እያስቀመጠ ሠላሳ ዓመት የሚጠብቅ ሥራ ግን ወዳጅ ያንሰዋል።

ሁለት ነገር ግን አረጋግጡ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከስጦታው ላይ የተወሰነ በመቶ ለራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ቼኩ «ለሉፐስ ምርምር» ተብሎ ካልታሰረ ወደ ጠቅላላው ቋት ሊገባ ይችላል።

ስለ ትልቁ ተስፋ አንድ ነገር

በጀርመን ኤርላንገን ከተማ የፕሮፌሰር ጌኦርግ ሼት ቡድን በ2021 አንዲት የ20 ዓመት ታማሚን ካር-ቲ በሚባል ሕክምና አከማት። የራሷን የደም ሴሎች አውጥተው፣ ለውጠው፣ መልሰው ሰጧት። በ2022 የአምስት ታማሚዎችን፣ በ2024 ደግሞ ሌሎች ተመሳሳይ ሕመሞች ያሉባቸውን ጨምሮ የ15 ሰዎችን ውጤት አሳተሙ። በሉፐስ የታከሙት መድኃኒታቸውን አቁመው ሕመሙ ተኝቶላቸዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ጊዜውም ገና አጭር ነው። ቢሆንም በዚህ ዘርፍ ያለ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደዚያ አዙሯል።

ይህን ያነሳሁት ለማወዳደሪያ ነው። ካር-ቲ የተሠራው ለሉፐስ አልነበረም፤ ለደም ካንሰር ነበር። ስለዚህ «ሉፐስ» የሚል ታፔላ የለጠፈው ድርጅት ብቻ ነው ሉፐስን የሚረዳው ማለት አይቻልም። እንደ ኤንአይኤች ላለው ሰፊ ምርምር በጀት መከራከርም የሉፐስ ሥራ ነው።

አራተኛው መንገድ፦ ገንዘብ ሳይሆን ራሳችሁን

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ በእኔ ግምት ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉም ሚዛን የሚደፋው ይህኛው ነው።

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ የተደረጉ የሉፐስ መድኃኒት ሙከራዎችን ገምግሞ ነበር። ከሉፐስ ታማሚዎች መካከል ጥቁሮች 43 በመቶ ሲሆኑ ከሙከራው ተሳታፊዎች ግን 14 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በሽታው ጥቁር ሴቶችን አብዝቶ ያጠቃል፣ መድኃኒቱ ግን በአብዛኛው የሚሞከረው በሌሎች ላይ ነው።

ለእኛ ነገሩ አንድ እጥፍ ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ ፎርም ላይ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ሁላችንንም ያጠቃልላል። ሳይንሱ ግን እንደዚያ አይደለም። አፖል-ዋን የሚባል ጂን አለ። የተወሰኑ ዓይነቶቹ በምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ይበዛሉ፣ የሉፐስ ኩላሊት ሕመምም ወደ ኩላሊት መድከም የማምራት ዕድሉን ይጨምራሉ። በ2011 የታተመ የኢትዮጵያውያን ጥናት ግን እነዚያን አደገኛ ዓይነቶች በእኛ ሰዎች ላይ አላገኛቸውም። ጥናቱ ስለ ኤችአይቪና ስለ ኩላሊት እንጂ ስለ ሉፐስ አልነበረም። የሚያሳየው ግን ግልጽ ነው። በሌላው ጥቁር ላይ የተገኘ ውጤት ሁልጊዜ የእኛን አይናገርም። የእኛን እንዲናገር እኛ ውስጡ መኖር አለብን።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የኤንአይኤች የምርምር ሆስፒታል ቤተስዳ ነው፤ በሜትሮ ሬድ ላይን ሜዲካል ሴንተር ጣቢያ ስትወርዱ ከፊት ለፊታችሁ ነው። እዚያ በጥናት ውስጥ የገባ ሰው ለሕክምናው አይከፍልም። ሉፐስን የሚከታተሉ ጥናቶች አሏቸው። በመላ አሜሪካና በሌላው ዓለም የሚካሄዱ ሙከራዎችን ደግሞ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ መፈለግ ይቻላል። የከተማችሁን ስም አስገቡና እዩ።

«መሞከሪያ ልሆን?» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ቤት ውስጥ እናቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉም አውቃለሁ። ስለዚህ ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጥናት ሁሉ አዲስ መድኃኒት መውሰድ አይደለም። ብዙው ክትትል ብቻ ነው፤ ደም መስጠት፣ ጥያቄ መመለስ። ሁለተኛ፣ በመድኃኒት ሙከራም ቢሆን በሉፐስ ላይ ባዶውን፣ ማለትም ለማወዳደሪያ የሚሰጠውን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወይም መርፌ፣ የደረሳት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተለመደውን ሕክምናዋን ጎን ለጎን ትቀጥላለች። ሜዳ ላይ አትጣልም። ሦስተኛ፣ የፈቃድ ቅጹን ከፈረማችሁ በኋላም በማንኛውም ሰዓት መውጣት መብታችሁ ነው። ቅጹን የሚያስረዳ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጃችሁ አትተርጉም፤ ለሷም ለእናንተም አይሆንም።

ጉዳቱ ጊዜ ነው። ሥራ ማስፈቀድ፣ መመላለስ፣ ደግሞ ደጋግሞ መወጋት። ማንም ግዴታ የለበትም። በሽታው የሌለባችሁ ሰዎች ግን መኪና መንዳት ትችላላችሁ። እህታችሁን ቤተስዳ ወይም ባልቲሞር አድርሶ መመለስ፣ በዚያ ቀን ልጆቿን መያዝ፣ ይህም ምርምርን መደገፍ ነው። ከሃምሳው ዶላር የማያንስ ይመስለኛል።

ለአንድ ሰው ማዋጣት ምርምር አይደለም

ይህን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለች ዘመዳችን መድኃኒት አጣች ተብሎ ጎፈንድሚ ሲከፈት ሁላችንም እንሰጣለን። መስጠትም አለብን። ሃገር ቤት የሩማቶሎጂ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነው፣ መድኃኒቱም አንዳንዴ ይጠፋል። በ2020 ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮሮና ይሆናል ተብሎ ሲሻማ አሜሪካ ያሉ የሉፐስ ታማሚዎች እንኳን ክኒናቸውን አጥተው ነበር።

ግን ኒውዮርክ ላለ የምርምር ድርጅት የሰጣችሁት ገንዘብ ለዚያች ዘመዳችሁ ክኒን አይገዛም። ለእሷ የላካችሁትም ምርምር አይሆንም። ሁለት የተለያየ ኪስ አድርጋችሁ ያዙት። ጎፈንድሚ አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ለክፍያ ሥርዓቱ ይቆርጣል። ለግለሰብ የሰጣችሁት ደግሞ ከታክስ አይቀነስም። ለቅርብ ዘመድ ከሆነ በቀጥታ መላኩ ይሻላል።

ሂሳቡን እንዴት ትመረምራላችሁ?

የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል ሰነድ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ያስገባሉ። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ፕሮፐብሊካ የሚባለው የዜና ድርጅት በድረ ገጹ ላይ በነጻ አሰባስቦ አስቀምጦታል። ክፍል ዘጠኝን ብቻ ክፈቱ። ወጪው በዓምድ ተከፍሎ ይታያል፤ ለፕሮግራም፣ ለአስተዳደር፣ ለገንዘብ ማሰባሰብ። ከዚያ ስኬጁል አይ የሚለውን እዩ፤ አሜሪካ ውስጥ ለማን ስንት እንደሰጡ በስም ተዘርዝሯል። «ምርምር እንደግፋለን» የሚል ድርጅት እዚያ ዝርዝር ላይ ዩኒቨርሲቲ ካልታየው ደውላችሁ ጠይቁ።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። የአስተዳደር ወጪው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብቻ ድርጅቱ ጎበዝ ነው አትበሉ። ማመልከቻውን በጥንቃቄ የሚገመግም፣ ሪፖርት የሚቀበል፣ የጠፋ ገንዘብ የሚከታተል ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። እኔ ከመቶኛው ይልቅ ሐሳቦቹን ማን ይመርጣል የሚለውን አያለሁ። ከውጭ የመጡ ሳይንቲስቶች ገምግመው ከመረጡ አንድ ነገር ነው። ሊቀመንበሩ ለወዳጁ ከሰጠ ሌላ ነው።

አሜሪካ ውጭ ላላችሁ

እንግሊዝ ታክስ የምትከፍሉ ከሆነ ጊፍት ኤይድ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል። ሉፐስ ዩኬም ምርምርን ይደግፋል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ድርጅቱ በአንቀጽ 46 የታወቀ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሰጠ ሰው ከስጦታው 35 በመቶ ከታክሱ ላይ ይቀነስለታል።

ኤምሬትስ ያላችሁ በጣም ተጠንቀቁ። እዚያ ግለሰብ መዋጮ ማሰባሰብ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በሶሻል ሚዲያም ቢሆን። ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ብቻ ነው። የዋትሳፕ ግሩፕ ከፍታችሁ «ለሉፐስ አዋጡ» ብላችሁ ራሳችሁን ችግር ውስጥ አትክተቱ።

እንግዲህ የቱን?

በዓመት መቶ ዶላር የሚሰጥ ሰው ከሆናችሁና ምርምር ብቻ ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን መንገድ ያዙ። ቤታችሁ ውስጥ አዲስ የታመመ ሰው ካለና ምክርም ትምህርትም ከፈለጋችሁ ሁለተኛው ይሻላል፤ የምትሰጡትን መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። የዕድር ወይም የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ሆናችሁ አሥር ሺህ ዶላር ከሰበሰባችሁ ሦስተኛውን በደንብ አስቡበት። ለዚህ መጠን ዩኒቨርሲቲው ቁጭ ብሎ ያነጋግራችኋል። «ኢትዮጵያውያን ታማሚዎችን የሚያካትት ክትትል አላችሁ ወይ?» ብላችሁ የመጠየቅ አቅምም ይሰጣችኋል። ገንዘብ ከሌላችሁ ወይም ታማሚዋ እናንተ ከሆናችሁ አራተኛው።

በየትኛውም ብትሰጡ፣ ከመላካችሁ በፊት የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ኃይል ክፍል «ማቺንግ ጊፍት አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኛው የሰጠውን ያህል ይጨምራሉ፣ ግን ደረሰኝና ማመልከቻ ይፈልጋሉ፣ ቀነ ገደብም አለው። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ታክሱን በዝርዝር የማይሞላ ሰውም በጥሬ ገንዘብ፣ በቼክ ወይም በካርድ ከሰጠው ላይ እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ከሞሉ እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላል። ስለዚህ ደረሰኙን ኢሜይል ውስጥ አትቅበሩት፤ ለታክስ ሠሪያችሁ አስተላልፉት።